ለሚመለስ ሰው የተሰጠ ቃሬዛ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቃሬዛ ላይ የወጣ ሰው ፊቱ አይታይም ነበር። ይሸፈናላ! ፀሐይ እንዳይመታው፣ ነፋስ እንዳይገባበት፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍበት እያልን ከእግር እስከ ራሱ በጋቢ እንጠቀልለውና፣ ለስምንት ተሸክመን ወደ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት እንነጉዳለን፣ እና መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «ታሞ ነው ወይስ ሞቶ?» ብሎ ይጠይቀናል፣ እኛም አንዳንዴ መልሱን አናውቀውም። ወላሂ አናውቀውም! አትሳቂ ነጃት፣ ጻፊ። የምለውን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪው።

ይቺ ነጃት የልጄ ልጅ ናት፣ ለነርስነት ነው የምትማረው፣ እናንተም የትምህርት ጓደኞቿ ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤት የእንግዳ ነው። ነገ ሐኪም ቤት ሊወስዱኝ ነው አሉ። ሆዴን ከፍተው የሚያመኝን ነገር ያወጡታል አሉ። እኔ ግን እሺ አላልኩም፣ እሺ አላልኩም ብዬ ጻፊ። እሱን እናቆየውና እስኪ ስለ ቃሬዛው ልጨዋወታችሁ፣ ሆዴ ቢያመኝም ምላሴ ደህና ነው።

ታዲያ እኔ በዚያን ጊዜ የቅሬ ዳኛ ነበርኩ። እናንተ ከተሜዎቹ ዕድር የምትሉት ነው፣ እኛ ወሎ ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፣ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊያችን ታደሰ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ጥሩንባውን ሰምቶ የቀረ ሰው እኔ ፊት ይቆማል። «የት ነበርክ?» «አያ ይማም፣ በሬዬ ጠፍቶብኝ።» «በሬህ ሲሞት ቅሬው ይቅበርልሃ!» እላለሁ። ቁጡ ነበርኩ። አሁን ነው የለዘብኩት፣ ያኔ ቁጡ ነበርኩ።

እና ኢሕአዴግ ገብቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እነዚያ ጤና ኤክስቴንሽን የሚባሉ ልጆች በየቀበሌው በተመደቡበት ሰሞን፣ ለኛም ሰናይት የምትባል ከወረኢሉ የመጣች ቀጭን ልጅ ተመደበችልን፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ጤና ኬላ ተሠራላት። ከኛ መንደር ጤና ኬላው ድረስ ወንዙን ተሻግሮ፣ ገመገሙን ወጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ታዲያ አንድ ቀን ሰናይት መጥታ «አያ ይማም፣ እንግዶች አሉ፣ ሰው ሰብስቡልኝ» አለችኝ። ሰበሰብኩ። የህንዶች ኩባንያ ነው አሉ፣ አዲስ አበባ በኩል ፋብሪካ አለው አሉ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከመኪና ወርዶ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በጣቱ ቆሞ፣ «ኩባንያችን በአገራችን በህንድ ገጠር ለመንደሮች ሐኪምና መድኃኒት ያቀርባል፣ እዚህም እንደዚያው ልናደርግ መጥተናል» አለ፣ ሰናይት አስተረጎመች። ሥዕልም አሳየን። ሴቶች ናቸው፣ ባለቀለም ረጅም ልብስ ለብሰው፣ ሕፃን ታቅፈው አንዲት ጠባብ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ድሃ ናቸው፣ ሲያዩዋቸው ያስታውቃሉ፣ እንደኛ ናቸው።

እኔ ተነሳሁና «ለምንድን ነው?» አልኩ።

«እንዴት ለምን?»

«ፋብሪካ ያለው ሰው ምን ፈልጎ ነው የኔን መንደር የሚያክመው? መሬት ፈልጋችሁ ነው?»

ሰውዬው ብዙ አወራ፣ ስለ ኩባንያው ግዴታ፣ ስለ ትርፉ፣ ስለ ምናምኑ፣ ማንም አልገባውም። ኋላ ከጀርባው ቆማ የነበረች አጭር ሴት ወደፊት መጣች። ዶክተር ሱኒታ ናት። ጠጉሯን ወደኋላ ጎንጉና፣ በእግሯ የላስቲክ ጫማ አድርጋ። እና በሰናይት በኩል እንዲህ አለች፦ «አባ፣ የኩባንያውን ልብ እኔም አላውቀውም። እኔ ሐኪም ነኝ፣ መኪናና መድኃኒት ሰጥተውኛል፣ እስካልወሰዱብኝ ድረስ ልሥራበት።» ወደድኳት። በዚያች አፍታ ወደድኳት። ሐቀኛ ሰው ከነገሩ ያስታውቃል እኮ።

ታዲያ መኪናው ሁልጊዜ ጤና ኬላው በር ላይ እንዲቆም ሆነ፣ ዶክተሯም እዚያው አጠገብ ቤት ተከራየች፣ ለኛ ለመንደሩ ደግሞ ቃሬዛ ተሰጠን። አዲስ ነው! ዘንጉ ብረት፣ መኝታው ብርቱካናማ ሸራ፣ ታጥፎ ይከረቸማል። ምጥ የያዛት ሴት በዚህ ተሸክማችሁ ጤና ኬላው ድረስ አምጡልን፣ ከዚያ ወዲያ የኛ ሥራ ነው ተባልን። ሰውዬው ፎቶ አነሳን፣ እኔ መሐል ቆምኩ። «የት ነው የምታስቀምጡት?» ሲል ጠየቀን። «እሱ ጥያቄ አይደለም፣ ቅሬ ቤት ነዋ!» አልኩት። አጨበጨቡ።

እስኪ አሁን ተሳሳትኩ በሉኝ! ሰው ንብረቱን የት ያስቀምጣል? ቅሬ ቤት ቁልፍ አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ድንኳኑ እዚያ ነው፣ ድስቱ እዚያ ነው፣ መቆፈሪያው እዚያ ነው። እና ያንን አዲስ ቃሬዛ ወስጄ ከአሮጌው ከጀናዛው፣ ከአስከሬኑ ቃሬዛ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ጎን ለጎን አቆምኩት። ኮርቼም በሩን ቆለፍኩ።

ታዲያ መጀመሪያ ምጥ የያዛት የራሱ የታደሰ ሚስት ብርቄ ናት። ታደሰ እየሮጠ መጣ፣ «አያ ይማም፣ ብርቄ አማጠች፣ ተሸካሚ ጥሩልኝ» አለኝ። እኔም ዳኛ አይደለሁ፣ «ጥሩንባህን ንፋዋ!» አልኩት።

«ለገዛ ሚስቴ?»

«ሰው በምን ይሰበሰባል ታዲያ? ንፋ ብዬሃለሁ፣ ንፋ!»

ነፋ። ኧረ ምን ልበላችሁ፣ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ ነፋ! አገሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ድንኳኑን ይዞ፣ ሁለት ሰው መቆፈሪያ ይዞ፣ እና እሪታው ቀለጠ። ብርቄ ከውስጥ ሆና ጥሩንባውን ሰምታለች፣ ለቅሶውን ሰምታለች፣ ደጃፏ ላይ «ወይኔ ብርቄ!» ሲሉ ሰምታለች። «ሞቻለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች አሉ አዋላጇን። «ኧረ አልሞትሽም!» «ታዲያ ታደሰ ለምን ነፋብኝ?» እና ከድንጋጤዋ የተነሳ ልጁ ዱብ አለ፣ እዚያው ቤቷ፣ ቃሬዛው ከቅሬ ቤት ሳይወጣ። አልሀምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ልጁ ይኸው ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ታደሰን ግን አርባ ቀን አላናገረችውም፣ እኔን እስከዛሬ ታኮርፈኛለች።

እና ከዚያ ወዲያ፣ ልጆቼ፣ ያንን ቃሬዛ የሚነካ ሴት ጠፋ። «የቅሬ ቃሬዛ ነው፣ ከሙታን ጋር ነው የሚያድረው» ይላሉ። ሰናይት ለመነች፣ እኔ ተቆጣሁ፣ ማን ሊሰማኝ! በዚያ ክረምት አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ከነልጇ አለፈች። ስሟን አልጠራም፣ ልጆቿ አሉ። እኔ ራሴ ነኝ ጥሩንባውን ያስነፋሁት፣ ያኔ ግን በልኩ ነበር የተነፋው። ቀብረናት ስንመለስ ቅሬ ቤት ገብቼ አሮጌውን ቃሬዛ ከአዲሱ ጎን አቆምኩና ሁለቱን አየኋቸው። ይቺ ሴት የተኛችው በሙታን ቃሬዛ ላይ ነው፣ የሚያድናት እዚህ አጠገቡ ቆሞ ነበር፣ እና አጠገቡ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይኸው ነው። ይኸው ነው፣ እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የኔ ምራት ረዚቃ ነፍሰ ጡር ናት። የነጃት እናት፣ ያቺ ጓዳ ያለችው። ከከላላ በኩል ነው ያመጣናት። ልጄ ሰይድ አግብቷት በዓመቱ ጅዳ ሄደ፣ ያኔ እንደ ዛሬው ስልክ የለም፣ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ሰው ሲመጣ ይልካል። በመጨረሻው ካሴት «አባ፣ ረዚቃን ለአላህ ቀጥሎም ላንቱ አማና ሰጥቻለሁ» ይላል። ያንን ካሴት ደጋግሜ ሰማሁት። ሰው ገንዘብ አማና፣ አደራ፣ ቢሰጣችሁ ትቆልፉበታላችሁ፣ የሰው ነፍስ አማና ቢሰጣችሁስ በምን ትቆልፉበታላችሁ?

ረዚቃ ደግሞ አትናገርም። በኛ ደንብ ምራት አማቷ ፊት ብዙ አትናገርም፣ እሷ ግን ባሰባት፣ በዓመት ሦስት ቃል ብትናገረኝ ነው። «በሉ»፣ «ጠጡ»፣ «ደህና እደሩ»። አለቀ። በሰናይት በኩል «ቀንሽ ሲደርስ በቃሬዛው ትሄጃለሽ ወይ?» ብዬ አስጠየቅኋት። መልሱ መጣ፦ «አልሄድም ብላለች።»

ጤና ኬላው ሄድኩ፣ ዶክተሯ ዘንድ፣ ሰናይት አስተረጎመችልን። «ዶክተር፣ ሴቶቹ እምቢ አሉኝ። ቃሬዛው የሙታን መሰላቸው» አልኳት።

ሳቀች፣ ግን የደስታ ሳቅ አይደለም። «በእኛም አገር ሙታን የሚሄዱት በእንጨት ቃሬዛ ነው። እዚያም መጀመሪያ እምቢ አሉን» አለች።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ጠበቅን።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ዓመት ያህል።»

«የኔ ምራት እኮ ሁለት ወር ነው የቀራት!» አልኩ፣ ጮህኩ መሰለኝ። ዶክተሯ እጄን ያዘችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «አባ፣ አንተ ዳኛ። እኔ ሐኪም። ቃሬዛ የኔ አይደለም፣ ያንተ ነው» አለችኝ።

እና ይህን እያብሰለሰልኩ ገመገሙን ወረድኩ። አስቡት፣ ሰው ቃሬዛን ሲሄድ እንጂ ሰው ይዞ ሲመለስ አላየውም። አንድ ሰው ሄዶ ቢመለስበት አይደል? ማን ነው የሚተኛበት? ደህና ሰው ቢተኛ ምን ይለዋል? እና እዚያው ገመገሙ ላይ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅኩ።

በገበያ ቀን ጠዋት ቅሬ ቤቱን ከፍቼ ብርቱካናማውን አወጣሁ። ስምንት ጎረምሳ ጠራሁ። «ተሸከሙኝ።»

«ምን ሆኑ አያ ይማም?»

«ምንም አልሆንኩ። ተሸከሙኝ፣ ጤና ኬላው ድረስ። ታደሰ፣ አንተ ደግሞ ያንን ጥሩንባ ብትነካ ወየውልህ!»

ተኛሁበት። ወይ ጉድ፣ ሰው ሲሸከሙት ሰማዩ እንዴት ሰፊ ነው! እያወዛወዙ ወሰዱኝ፣ እኔም ደልቶኝ እንቅልፍ ቢጤ ሸለብ አደረገኝ፣ በጥዋት ተነስቼ ነበራ። ወንዙን እንደተሻገርን እቴ ዘሀራ ከገበያተኛው ጋር ስትመጣ አገኘችን። እቴ ዘሀራ የኔ እኩያ ናት፣ አብረን ጥጃ የጠበቅን፣ የመንደሩ አልቃሽም እሷው ናት። የቅሬውን ጎረምሶች አየች፣ እኔን ዓይኔን ከድኜ አየች፣ በቃ!

«ወይኔ አያ ይማም! ወይኔ አያ ይማም! ማር ቆርጦ ለጎረቤት የሚልከው! ቁጣው ወንዝ ማዶ የሚሰማው! ዛሬ የትኛው ወንዝ ማዶ ልስማህ!»

ገበያተኛው ዕቃውን መሬት ጥሎ ተቀመጠ፣ ልቅሶው ተቀጣጠለ። እኔ ነቅቻለሁ፣ ግን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሰው ምን እንደሚለኝ ማወቅ አያምረኝም? «ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ለብቻው የሚስቀው! ሌላ ሴት ያላየው!» ስትል ሆዴ ባባ። ይህንን ማን አየልኝ ብዬ ነበር፣ ለካ ታይቷል። ወዲያው ደግሞ «አንድ ቀን እንኳ ተሳስቻለሁ ያላለው!» አለች። ብድግ አልኩ! ቃሬዛው ላይ ቁጭ ብዬ «ተሳስቻለሁ!» አልኩ። «ዘሀራ፣ ተሳስቻለሁ! ቃሬዛውን ከጀናዛው ጋር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የኔ ነው!»

የሮጠው ሮጠ፣ የወደቀው ወደቀ። እቴ ዘሀራ ግን አልሮጠችም፣ በያዘችው በትር ጭኔን ጎሸመችኝ። «አንተ ሰው! እንባዬን መልስልኝ!» «ስሞት ይታሰብልሻል፣ ተቀማጭ ይሁን» አልኳት። እና ገበያተኛው እንዳለ ተከትሎን ጤና ኬላው ደረስን፣ ዶክተሯ ደም ግፊቴን ለካችኝ፣ ደህና ነህ አለችኝ፣ በራሴ ቃሬዛ ተመለስኩ፣ በየደጃፉ ፊቴን እያሳየሁ፣ «ይኸው ሄጄ መጣሁ! ይኸው ሄጄ መጣሁ!» እያልኩ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። ሳቁ ደግ ነው።

ያን ዕለት ማምሻውን ረዚቃ እግሬን ልታጥብ ውሃ ይዛ መጣች። ቁጭ አለች፣ ታጥባለች፣ ቀና አትልም። እና ድንገት ተናገረች።

«አባቴ።»

«ወይ ልጄ።»

«እናቴም ስትሄድ እየሳቀች ነበር።»

እሷም እግሬን እያጠበች ቀጠለች። «ምጥ ይዟት ነው። ቃሬዛው ላይ ሆና በእጇ ሰላም አለችኝ። ፀሐይ ነው ብለው ፊቷን ሸፈኑት። መንገድ ላይ መቼ እንደሞተች ተሸካሚዎቹም አላወቁም። ፊቷን የሚያይ ሰው ስላልነበረ አላወቁም። እኔ ቃሬዛውን አይደለም የምፈራው አባቴ፣ መሸፈኑን ነው።»

አንጀቴን በላችው። እኔ ስለ ቅሬ ቤት፣ ስለ ጥሩንባ ስቀባጥር፣ የልጅቷ ነገር ሌላ ነው ለካ። «ፊትሽን ማንም አይሸፍነውም» አልኳት። «ወላሂ አይሸፍነውም። እኔ ከራስጌሽ እሄዳለሁ። መንገዱን ሙሉ እያየሁሽ፣ እያወራሁልሽ እሄዳለሁ። ድምፄን እስከሰማሽ ድረስ አለሽ ማለት ነው።» አማት ምራቱ ስታምጥ አጠገቧ መሆኑ ነውር ነው፣ በኛ ደንብ ትልቅ ነውር ነው። ነውሩን ለኔ ተዉት አልኩ። እሷም ቀና አለች፣ አየችኝ። ፊቷን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ቤቴ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር።

ቀኗ ደረሰ። ከቀትር በኋላ ነው ምጡ የያዛት። ጥሩንባ አልተነፋም፣ ታደሰ ራሱ በየቤቱ እየሮጠ በእጁ በር እያንኳኳ ተሸካሚ ጠራ። ቃሬዛው ላይ ወጣች፣ እኔ ዣንጥላ ይዤ ከራስጌዋ። እና ወሬ ጀመርኩ። ምን አወራኋት? ያላወራሁት ምን አለ! ሰይድ ልጅ ሆኖ ከበቅሎ የወደቀውን፣ እናቱ እኔን ለማግባት እምቢ ያለችውን፣ የብርቄን ጥሩንባ። በመሐል ታቃስታለች፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እላለሁ፣ እና ወሬዬን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ገመገሙ ወገብ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ፣ ወዲያው በረዶ። የኛን አገር በረዶ ታውቁታላችሁ፣ ባቄላ የሚያህል። ነፋሱ ዣንጥላዬን ገልብጦ ወደ ገደል ሰደደው። ጎረምሶቹ «ጋቢውን አልብሷት፣ ፊቷን ሸፍኗት አያ ይማም፣ በረዶው ይመታታል!» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይመታታል። እሷ ደግሞ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች። ጋቢዬን ከላዬ ገፈፍኩና «አራት ሰው ጫፍ ጫፉን ያዙ! ከፍ አድርጋችሁ ያዙ!» አልኩ። ድንኳን ሆነላት። አራት ሰው ተሸክሞ አራት ሰው ጋቢ ወጥሮ፣ በረዶው ራሳችንን እየቀጠቀጠን፣ ጋቢው ሥር የሷ ፊት ተገልጦ፣ ደርቆ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳወራላት፣ እንደዚያ ሆነን ገመገሙን ወጣን። ታደሰ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ በአፍንጫው ይወርዳል፣ ጫፉን ግን አልለቀቀም። ክርስቲያኑ በማርያም፣ እስላሙ በነቢ እየተጣራን ወጣን። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች እጅግ ደጎች ነበሩ።

ልጅቷ ጤና ኬላው ውስጥ ተወለደች፣ ይቺው ናት፣ ይቺው የምትጽፈው። ስትጮህ ሰማሁ፣ አልሀምዱሊላህ አልኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም፣ የረዚቃ ደም አልቆም አለ። ዶክተሯና ሰናይት በመኪናው ጭነው ወደ መካነ ሰላም ወሰዷት፣ እኔም ከኋላ ወጣሁ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ወስደው በሩን ዘጉብኝ። ታዲያ እዚያ ግቢ ውስጥ፣ እርጥብ ልብሴን ለብሼ፣ ያ ሁሉ ወሬኛ ሰው አንድ ቃል ጠፋኝ። ድምፄን እስከሰማሽ ብያት ነበር፣ አሁን አትሰማኝም። ያረቢ፣ አማናዬን ልውሰድ ካልክ ለልጄ ምን ብዬ በካሴት ልቅዳለት እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አፍሬ አልልም፣ አለቀስኩ።

ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፣ ሰናይት ወጣች። ፊቷን አይቼ ምንም አልገባኝም፣ ደክሟታል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት።

«ፊቷ ተሸፍኗል?»

«ኧረ አልተሸፈነም» አለችኝ። «አባቴ ወሬውን ለምን አቆሙ እያለች ነው።»

በሳምንቷ መኪናው ጤና ኬላው ድረስ መለሳት። ደህና ናት፣ በእግሯ መሄድ ትችላለች። እኔ ግን «አይሆንም!» አልኩ። «በሄደችበት ትመለሳለች!» ብርቱካናማው ተዘረጋ፣ ረዚቃ ተቀመጠችበት፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ ፊቷ ወለል ብሎ ለአገር እየታየ። እፍረቷ ለጉድ ነው፣ ግን አልከለከለችም። በየደጃፉ ሴቱ ወጥቶ ያያል። እቴ ዘሀራ ወንዙ ዳር ጠበቀችን፣ «ያኔ በከንቱ ያስለቀስከኝ ይኸው!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። በቀጣዩ ወር አንዲት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ማን ይቆጥራል፣ ሴቶቹ መጡ። «የረዚቃን ቃሬዛ አምጡልኝ» ይላሉ፣ ስሙ እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ኩባንያው? ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፋብሪካውም ተዘጋ አሉ፣ መኪናው ተወሰደ፣ ዶክተሯ እያለቀሰች ተሰናበተችን። ልባቸውን እስከዛሬ አላወቅሁትም፣ የሰጡትን ግን አልክድም። ቃሬዛው ቀረልን። ቅሬ ቤት መልሼ አላስገባሁትም፣ ይኸው ረዚቃ ቤት ጓዳው ውስጥ ተሰቅሎ አለ፣ ሸራውን ሁለት ጊዜ አሳድሳዋለች። እና ኑዛዜዬን ጻፊልኝ ነጃት፦ እኔ ስሞት በአሮጌው፣ በጀናዛው ውሰዱኝ። በዚያኛው እንዳትወስዱኝ። ያኛው ለሚመለስ ሰው ነው።

«እሺ አባባ፣ ጽፌዋለሁ። ነገስ? ነገ አንቱን በየትኛው ነው የምንወስድዎ?»

እ?

«ባጃጁ እስከ ወንዙ ብቻ ነው የሚመጣው። እስከዚያ በየትኛው እንውሰድዎ?»

አያችኋት? ተንኮሏን አያችሁልኝ? እሺ አላልኩም እኮ ብያለሁ፣ መጀመሪያውኑ አጽፌሻለሁ! ሽማግሌ ሰው እኮ ነኝ። ከፍተው ሲያዩኝ… እኔ እንጃ ልጄ። ፈርቻለሁ። ፈርቷል ብለሽ ጻፊ፣ ምን አገባኝ።

«አባቴ።»

ማነው? ረዚቃ? ከጓዳ ወጣሽ?

«ቃሬዛውን አጥቤ ደጅ አስጥቼዋለሁ። ፊትዎን ማንም አይሸፍነውም፣ እኔ ከራስጌዎ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አወራልዎታለሁ።»

አንቺ? በዓመት ሦስት ቃል የምትናገሪው? መንገዱን ሙሉ? (አባባ ሳቁ።) በሉ እሺ። ወላሂ፣ ይህንን ለመስማት ስል እሄዳለሁ።